ሕይወት ከውኃ ተገኘ ብሎ መማር ሃይማኖትን ያስክዳል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የመጀመሪያው ሕይወት የተገኘው አርኤንኤ (በሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚሸከም ውሕድ) እና አሚኖ አሲድ ውኃ ውስጥ ተገናኝተው ሳይሆን አይቀርም ብለው አስተማሩን፤ ፈተናም ይወጣበታል። መልሱን ብጽፍ ሃይማኖቴን መካድ ይሆንብኛል? ነገሩ ስለከበደኝ ከቁርባን ርቄያለሁ። ጓደኞቼም «ታዲያ ከጣና ወጣን በይና!» እያሉ ይቀልዱብኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ አልካድሽም። የተጠየቅሽው ተመራማሪዎች ምን እንደሚሉ ነው፤ የሚሉትን አስተካክለሽ ጻፊ። የፈተና ወረቀት ጸሎተ ሃይማኖት አይደለም። መምህርሽም «ሳይሆን አይቀርም» ነው ያሉት፤ አንቺም እንደዚያው ጻፊው።

ነገሩን ሳልረዳ እንዳልመልስልሽ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚያገለግል አንድ የኬሚስትሪ መምህር ጠይቄ ነበር። እንዳስረዳኝ፣ ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲዶች በተርታ ሲያያዙ ነው። እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ተሸክሞ ወደ ራይቦዞም፣ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሕዋስ ክፍል፣ የሚያደርሰው ትንሽ አርኤንኤ ነው፤ አሚኖ አሲዱም የሚጣበቀው በዚህ አርኤንኤ ጫፍ ላይ ነው። የሚያጣብቀው ኢንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ሥራውን የሚያፋጥነው፣ ግን ራሱ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ለመሥራት ፕሮቲን ካስፈለገ የመጀመሪያውን ማን ሠራው? የዶሮና የእንቁላል ክርክር ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እነ ማቲው ፓውነር አንድ መንገድ አሳዩ። አሚኖ አሲዱን ታዮኤስተር በሚባል፣ ድኝ ባለበት ውሕድ መልክ አዘጋጅተው፣ አሲድም አልካሊም ባልሆነ ውኃ ውስጥ ከአርኤንኤ ጋር አገናኙት። ያለ ኢንዛይም ተጣበቀ። ከዚያ በፊት የተሞከሩት ውሕዶች ወይ ውኃው ያፈርሳቸው ነበር፣ ወይ አሚኖ አሲዶቹ አርኤንኤውን ትተው እርስ በርሳቸው ይያያዙ ነበር። እኔን የገረመኝ ደግሞ አርኤንኤው ከሌላ አርኤንኤ ጋር ሲጣመር አሚኖ አሲዱ ጫፉ ላይ ማረፉ ነው፤ ዛሬ በእኔና በአንቺ ሕዋስ ውስጥ በሚያርፍበት በዚያው ቦታ! ራይቦዞምም ቢሆን አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዝበት እምብርቱ አርኤንኤ እንጂ ፕሮቲን እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2000 ታውቋል። የራይቦዞምን አወቃቀር ያጠኑት ራማክሪሽናን፣ ስታይትስና ዮናት በ2009 ኖቤል ተሸልመዋል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንምጣ። በሥነ ፍጥረት እንደተማርሽው፣ እንደ አራቱ ባሕርያት ያሉት፣ ማለትም ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃና መሬት፣ እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር የመጡ ናቸው። ግብር እምግብር የምንላቸው ደግሞ ካለው ነገር የተገኙት ናቸው። እግዚአብሔር እሑድ የፈጠረውን ውኃ ሐሙስ «ታስገኝ» ብሎ አዘዘው (ዘፍ. 1፥20)፤ በልብ የሚሳቡት፣ በእግር የሚሽከረከሩት፣ በክንፍ የሚበሩት ከዚያው ውኃ ተገኙ። ውኃው ለዚህ ምን ዐቅም እንደተሰጠው፣ በምን በምን በኩል አልፎ እንዳስገኘ መጽሐፍ አልዘረዘረም። እኔ እንደምረዳው ኬሚስቶቹ የሚመረምሩት ይህንኑ የግብር እምግብሩን መንገድ ነው። ውኃውንም፣ ድኙንም፣ የሚገዛቸውንም ሕግ ተዘጋጅቶ አገኙት እንጂ ካለመኖር አላመጡትም። የዘመን ቁጥሩ ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ ነውና ከዚህ ጋር አላደባልቀውም። የሰው ነባቢት ነፍስ ግን ከእግዚአብሔር እስትንፋስ ናት (ዘፍ. 2፥7)፤ እርሷን በአሚኖ አሲድ ቅንጅት የሚተረጉም ቢመጣ አንቀበለውም። የፓውነር ሙከራም እዚያ አልደረሰም፤ ስለ ነፍስ አልተናገረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ተመራማሪዎቹ ገና ያልመለሱት ጥያቄ አለ፤ በአርኤንኤ ላይ ከሚጻፉት 64 ባለ ሦስት ፊደል ኮዶች የትኛው የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚጠራ ደንቡ ከየት መጣ? ይህን ሲሰሙ «አያችሁ፣ ሳይንስ አቃተው፤ ስለዚህ እግዚአብሔር አለ» የሚሉ ሰባክያን አሉን። ይህን ስብከት አልወደውም። ነገ አንዱ መልሱን ቢያገኘው ምን ሊሉ ነው? ለተገለጠውም ላልተገለጠውም ፈጣሪው እርሱ ነው። ክርክር ቢገጥምሽ በዚህ በኩል አትግቢ።

ጓደኞችሽን በተመለከተ፣ ተመራማሪዎቹ ይህ ነገር በውቅያኖስ ሳይሆን በኩሬና በሐይቅ ሳይሆን አይቀርም ማለታቸው እውነት ነው፤ ውቅያኖስ ሰፊ ስለሆነ ውሕዶቹን ያሳሳቸዋል። ጣና ግን የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ውኃውን ገድቦት የተፈጠረ፣ በጂኦሎጂ ሰዎች ስሌት ገና ልጅ የሆነ ሐይቅ ነው። ቀረሶውና አምባዛው ይበቃዋል በያቸው።

ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪያቸው ይህን ትምህርት መማርሽን ሳይሆን፣ በእርሱ ሰበብ ከሥጋ ወደሙ መራቅሽን ነው። መቼ እንደምትቆርቢ እርሳቸው ይነግሩሻል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።