ጠንካራ መርፌ ከመፈለግዎ በፊት የአላቢውን እጅ ይመልከቱ

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነኝ። ሦስት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። አንዷ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው፤ ወተቷ ቀንሷል፣ አንዱ ጡቷም ጠጠር ብሏል። ከገበያ ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቼ ሁለት ቀን ወጋኋት። ተሽሏት ነበር፣ ተመለሰባት። አሁን ሁለተኛዪቱም ጀምሯታል። ጎረቤቶቼ ቡዳ ነው ይላሉ። ጠንከር ያለ መድኃኒት የትኛው ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው «ሁለተኛዪቱም ጀምሯታል» ባሉት ላይ ነው። ከአንዷ ወደ ሌላዪቱ ተራ ጠብቆ የሚሄድ፣ በመርፌ ጋብ ብሎ የሚመለስ፣ ግቱን እያጠጠረ የሚቆይ የጡት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ አውሬስ የሚባለው ባክቴሪያ ሥራ ነው። ከላም ወደ ላም የሚያደርሰው ደግሞ የአላቢው እጅ ነው። ቡዳውን ይተዉት።

ይህ ባክቴሪያ በግቱ ሥጋ ውስጥ ይመሽጋል፤ መድኃኒቱ እዚያ ድረስ በበቂ መጠን አይዘልቅም። ሁለት ቀን ወግቶ ሲሻላት ማቆም ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ማስቀረት ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ንግግሩ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ እኛ ግን ዛሬም በገበያ ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ ገዝተን በግምት እንወጋለን። ይህን ነገር ማየት ሰልችቶኛል።

ከነገ ጠዋት ጀምሮ የአላለብ ተራውን ይቀይሩ። ጤነኛዋ ትቅደም፣ የጀመራት ትከተል፣ ሕመሙ የጸናባት መጨረሻ ትታለብ። በየላሟ መካከል እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጡቶቹን በንጹሕ ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ማድረቂያው ጨርቅ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ይሁን፣ በየቀኑም ይቀቀል። አሮጌ ነጠላ ቀዳደው ቢያዘጋጁ ይበቃል። ደብዳቤዎ አልጠቀሰውም እንጂ ጡቱን ለማለስለስ ቅቤ ሳትቀቡ አትቀሩም። ከአንድ ጣሳ ለሦስት ላም የሚቀባ ቅቤ በሽታውን በእኩል ማከፋፈያ ነውና ይቅር። የታመመው ጡት ወተት ለብቻው ታልቦ ጉድጓድ ይግባ እንጂ በረቱ ወለል ላይ አይፍሰስ። የታመመችው ላም ጥጃም ወደ ሌሎቹ ሄዶ አይጥባ። ታልባ ስታበቃ ድርቆሽ ይስጧትና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ትብላ፤ የጡቷ ቀዳዳ ወዲያው ስለማይዘጋ፣ በክረምቱ ጭቃ ላይ ከተኛች ሌላ ተሕዋሲ ይገባባታል።

ሦስተኛዋ ነጻ መሆኗን ለማወቅ 30 ግራም የልብስ ሳሙና ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ ይበጥብጡ። ከየጡቱ በተለያየ ሲኒ ትንሽ ወተት አልበው እኩል መጠን ብጥብጥ ይጨምሩበትና እያዞሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይወዝውዙት። እንደ ንፍጥ ከተጓተተ፣ ለዓይን ባይታይም ጡቱ ታሟል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይያት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥር የሰደደ ሕመም የተሻለው ጊዜ ላሟ ስትነጥፍ ነው፤ በጡቱ ቀዳዳ የሚሰጥ ለዚሁ የተዘጋጀ መድኃኒት አለ። ግቷ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ መኖም እንቢ ካለች፣ ሐኪሙን በዚያው ዕለት ይጥሩ።

በመርፌው ሰሞን ወተቱን ሸጠው ከነበረ ደግሞ፣ እርጎው አልረጋ ያላቸው ደንበኞች እንስራቸውን በከንቱ ሲያጥኑ ከርመዋል። ወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት የሚያረጋውንም ባክቴሪያ ይገድላል። ማፍላትም መፍትሔ አይሆንም፤ ስታፊሎኮከስ የሚያመነጨው መርዝ ከፈላ በኋላም ይቆያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ወተቱ ስንት ቀን እንደሚደፋ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ካስቸገረዎ ሐኪሙን ይጠይቁ።