የራሊ ጥያቄዎቻችሁ፦ ስፖንሰር የሚከፍለው ለፍጥነት ነው ለስም?

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሰባስቲያን ሎብ 9 ጊዜ የዓለም ራሊ ሻምፒዮን ሆኗል። ኬን ብሎክ በዓለም ሻምፒዮናው አንድም ራሊ ሳያሸንፍ ስፖንሰር አልጠፋበትም። ይህ እንዴት ይሆናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱ የሚሸጡት ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው። ሎብ ከ2004 እስከ 2012 በተከታታይ ሲነግሥ የሚነዳው ለሲትሮዌን ነበር። ፋብሪካ ሹፌር የሚቀጥረው ለድል ነው፤ ድሉ መኪናውን ያስተዋውቅለታል። ብሎክ ደግሞ ዲሲ የተባለውን የጫማ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከ2008 ጀምሮ ጂምካና በሚል ስም የለቀቃቸው፣ መኪና እያንሸራተተ ሲነዳ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ራሊ አይቶ የማያውቀውን ወጣት ሁሉ ሳቡ። ራሊ ሜዳ ላይ ተመልካች መኪናውን የሚያየው ለጥቂት ሴኮንድ፣ ያውም በአቧራ ውስጥ ነው። ቪዲዮ ላይ ግን ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ይመረጣል፣ ስቲከሩ ንጹሕ ነው፣ ሰውም ደጋግሞ ያየዋል። የኃይል ሰጪ መጠጥ አምራቹ ሞንስተር በ2010 ከብሎክ ጋር በፎርድ መኪና ወደ ሻምፒዮናው የመጣው ይህን አይቶ ነው። የብሎክ ጥሩ ውጤት በ2013 ሜክሲኮ ላይ ያገኘው 7ኛ ደረጃ ነው፤ ለሞንስተር ግን ያ ይበቃ ነበር።

ስኮትላንዳዊው የራሊ ሹፌር ኮሊን ማክሬ ፍጥነቱም ስሙም ነበረው። በ1995 በሱባሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1998 በስሙ የኮምፒውተር ጨዋታ ወጣ። ሰማያዊና ቢጫው የሱባሩ ቀለም የመጣው 555 ከተባለው ሲጋራ ነው። ሲጋራው ከመኪናው ላይ ከተነሣ በኋላም ሰማያዊው ሱባሩ የማክሬ መኪና ሆኖ ቀረ።

ስም ብቻውን ግን ሩቅ አይወስድም። የ2007ቱ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ኪሚ ራይኮነን በ2010 በሬድ ቡል ድጋፍ ራሊ ገባ፤ የተሻለው ውጤቱ ቱርክ ላይ 5ኛ ነው። በ2011 የራሱ ቡድን አውስትራሊያ ባለመቅረቡ ከአምራቾች ሻምፒዮና ተሰረዘ። በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠልም አደጋ አለው። የብዙ ጊዜ የዓለም ራሊ ሻምፒዮኑ ሰባስቲያን ኦዢዬ በ2019 መጨረሻ ሲትሮዌንን ሲለቅ፣ ፋብሪካው የሚተካው ከፍተኛ ሹፌር አላገኘሁም ብሎ ከሻምፒዮናው ወጣ።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ በራሊ3 (ከከፍተኛዎቹ ዝቅ ያለ የራሊ መኪና ምድብ) መኪና ሊጀምር ነው። ለስፖንሰር ምን ይዘን እንቅረብ? (ከናይሮቢ)

መልስ፦ አገሩ ይመቻችኋል። የኬንያው ሳፋሪ ራሊ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሷል። በ2022 በራሊ3 ፊየስታ ስዊድን በረዶ ላይ የተወዳደረው ኬንያዊው ማክሬ ኪማቲ ከሳፋሪኮምና ከኬንያ አየር መንገድ ድጋፍ አግኝቷል። ስሙ ራሱ ከኮሊን ማክሬ የተወሰደ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ለጋዜጠኛ ያለ ክፍያ የሚቀርብ ማስታወቂያ ነው። የአክስትዎም ልጅ የራሱ ታሪክ ይኖረዋል፤ መጀመሪያ እሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ቀጥሎ ለመሸጥ የተፈቀደላችሁን ቦታ ለዩ። የበሩ ቁጥርና ኮፈኖው ላይ ያለው የራሊው ሰሌዳ የአዘጋጁ ነው። አዘጋጁ የራሱንም ስፖንሰር ስቲከር ለጥፉ ሊል ይችላል፤ እምቢ ካላችሁ የመመዝገቢያው ክፍያ ይጨምራል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዚያን ራሊ ልዩ ደንብ አንብቡ። አዘጋጁ አንድ ባንክ ይዞ እናንተ ተቀናቃኙን ከሸጣችሁ ጠቡ የሚነሣው መኪና ፍተሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘግይታችኋል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ስቲከር በማብዛት ነው። 12 ትንንሽ ስም ከሩቅ አይነበብም። አንድ ትልቅና ሦስት መካከለኛ ይበቃል። ሳፋሪ ራሊ በሚካሄድበት ናይቫሻ አካባቢ ዝናብ ከጣለ በሩና ፓራፋንጎው በመጀመሪያው ምዕራፍ በጭቃ ይሸፈናል። ዋናውን ስም ከሄሊኮፕተር በሚታየው ጣሪያ ላይ፣ ሁለተኛውን የመኪናው ውስጥ ካሜራ በሚያየው ዳሽቦርድ ላይ አድርጉት። ሁለት ትርፍ የስቲከር ስብስብ ያዙ፤ የተጋጨ ፓራፋንጎ ሲቀየር አዲሱ ባዶውን ይወጣል።

ደረጃ አትሸጡ። ማርሽ ሳጥን ሊሰበር ይችላል፤ የገባችሁት ቃል ግን መፈጸም አለበት። የምትሸጡት ስንት ራሊ እንደምትጀምሩ፣ ስንት ቪዲዮ እንደምታወጡ፣ ስንት እንግዳ ሰርቪስ ፓርክ (መኪኖቹ የሚጠገኑበት ግቢ) እንደምታስገቡ ይሁን። በዓይነት የሚሰጥ ጎማና ነዳጅ ካለ ራሳችሁ ገዝታችሁ በምትከፍሉት ዋጋ ብቻ ቁጠሩት። ስፖንሰሩም ለስቲከሩ ከከፈለው ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ለራሱ ማስታወቂያ እንዲመድብ ንገሩት፤ ካልመደበ በሚቀጥለው ዓመት «ምንም አላገኘሁም» ብሎ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ረዳት ሹፌርስ (ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ መንገዱን የሚያነብለት) የራሱን ስፖንሰር ማምጣት ይችላል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ይችላል። በዓለም ሻምፒዮናው ስሙና ባንዲራው ከሹፌሩ ጋር በኋላ የጎን መስታወት ላይ ይጻፋል፤ የመኪናው ውስጥ ካሜራም ሁለቱንም ያሳያል። ቡድኑ አስቀድሞ ከያዘው ስፖንሰር ጋር እንዳይጋጭ ብቻ በጽሑፍ ተስማሙ።