ከይሁዳ መንግሥት ወደ አይሁድ ሃይማኖት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ሙያዬ ጥንታዊ የዕብራይስጥና የአረማይክ ጽሑፎችን ማንበብ ነው። በአይሁድ ሃይማኖት አመጣጥ ላይ የምትጠይቁትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሆኖም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «አይሁድ እንዲህ ያምናሉ ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የየትኛውን ዘመን አይሁድ እንደሆነ ጨምሩልኝ። በዳዊት ዘመን ያረሰ የይሁዳ ገበሬ፣ በባቢሎን የተወለደ የምርኮኛ ልጅና ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ ያስተማረ ረቢ ተሰብስበው ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ አይሆንም። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀማሪ፦ ሃይማኖቱን የመሠረተው ማን ነው?

መልስ ሰጪ፦ በትውፊቱ ኪዳኑ ከአብርሃም ጋር ተገባ፣ ሕጉም በሲና በሙሴ እጅ ተሰጠ። የታሪክ ተመራማሪ ግን የምሥረታ ቀን ሊሰጥህ አይችልም። «እስራኤል» የሚለው ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጪ መጀመሪያ የሚገኘው በ1208 ቅ.ል.ክ. ገደማ የግብፁ ፈርዖን መርኔፕታህ ባሠራው የድል ሐውልት ላይ ነው። ሐውልቱ በ1896 ተገኝቷል። ጸሐፊው የከተሞቹን ስሞች በአገር ምልክት ሲያጅብ፣ «እስራኤል» ላይ ሲደርስ ግን የወንድና የሴት ሥዕል አድርጎ ሕዝብ መሆናቸውን አመለከተ። ዘራቸው እንደጠፋም ጻፈ። መሳሳቱን ለመናገር የእኔ ሙያ አያስፈልግም።

ሰዋስው፦ መምህር፣ «እስራኤላዊ» እና «አይሁዳዊ» የሚሉት ቃላት ልዩነት አላቸውን? በስብከት ላይ እየተቀያየሩ እሰማቸዋለሁ።

መልስ ሰጪ፦ ደግ ጥያቄ ነው፤ እየተቀያየሩ መነገራቸውም ዘወትር ያናድደኛል። በሰሜን የእስራኤል፣ በደቡብ የይሁዳ መንግሥት ነበሩ። ሰሜኑን በ722 ቅ.ል.ክ. ገደማ አሦር አጠፋው፤ ይሁዳን በ586 ናቡከደነፆር ድል ነሥቶ ቤተ መቅደሱን አቃጠለ፣ ሹማምንቱንና ካህናቱን ወደ ባቢሎን አጋዘ። «አይሁዳዊ» መጀመሪያ የይሁዳ ሰው ማለት ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ጎንደሬ ነው እንደማለት ነው። ምርኮኞቹ መሬት፣ ንጉሥና መሠዊያ በሌሉበት አገር ልጅ ሲያሳድጉ ግን የአገር ስሙ ቀስ በቀስ የአምልኮና የአኗኗር ስም ሆነ። ኑሯቸውን የሚያሳዩ የሸክላ ጽላቶች አሉ፤ «የይሁዳ ከተማ» ተብላ በምትጠራ የባቢሎን መንደር የተጻፉ ሲሆን የመጀመሪያው የ572 ቅ.ል.ክ. ነው። የሚናገሩት ስለ ኪራይ፣ ስለ ግብርና ስለ ተምር ነው እንጂ ልቅሶ የለባቸውም። ነገር ግን በባቢሎናውያን ጸሐፍት እጅ የተመዘገቡት የሰዎቹ ስሞች ብዙዎቹ በአምላካቸው ስም ይጨርሳሉ። የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ በ539 ባቢሎንን ሲይዝ የተወሰኑት ተመለሱ፤ ሁለተኛው ቤተ መቅደስም በ515 ገደማ ተፈጸመ። እኔ «የአይሁድ ሃይማኖት» የሚለውን ስም በልበ ሙሉነት የምጠቀመው ከዚህ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ላለው «የጥንት እስራኤል አምልኮ» ብትሉልኝ እመርጣለሁ።

ጀማሪ፦ አይሁድ ሁልጊዜ በአንድ አምላክ ብቻ ያምኑ ነበርን?

መልስ ሰጪ፦ በየትኛው ዘመን? ይህን ነበር የለመንሁት። ነቢያቱ ሕዝቡን በበኣልና አሼራ በምትባለው የከነዓን ሴት አምላክ አምልኮ የገሠጹት ልማዱ ስለነበረ ነው። በሲና በረሓ ኩንቲለት ዐጅሩድ በሚባል ስፍራ፣ በ800 ቅ.ል.ክ. አካባቢ በተጻፈ የእንስራ ጽሑፍ ላይ በእስራኤል አምላክ ስም «የሰማርያው ያህዌና አሼራው» የሚል ምርቃት ይነበባል። ከእርሱ በቀር አምላክ የለም የሚለው ቃል በግልጽና በተደጋጋሚ የሚሰማው ስለ ቂሮስ በሚናገሩት የኢሳይያስ ምዕራፎች ነው።

ተሳላሚ፦ ታቦተ ጽዮን አክሱም መሆኑን የአይሁድ ሊቃውንት ይቀበላሉን?

መልስ ሰጪ፦ የዛሬው ርእሳችን ይህ አይደለም።

የጣና ዳር፦ በአስዋን አካባቢ በምትገኝ ደሴት የአይሁድ ቤተ መቅደስ ነበረ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነውን?

መልስ ሰጪ፦ እውነት ነው፤ ይህን እስክትጠይቁኝ ስጠብቅ ነበር። ደሴቲቱ ኤሌፋንታይን ትባላለች። በፋርስ መንግሥት ዘመን የግብፅን ደቡብ በር የሚጠብቁ አይሁዳውያን ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖሩባት ነበር። የጣና ታንኳ በሚሠራበት በዚያው ደንገል ላይ፣ በአረማይክ የጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ የጋብቻ ውሎችና የቤት ሽያጭ ሰነዶች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ኦሪት ዘዳግም መሥዋዕት በአንድ በተመረጠ ስፍራ ብቻ ይሁን ቢልም፣ እነርሱ በደሴታቸው ላይ ያሁ ለሚሉት አምላክ ቤተ መቅደስ ሠርተው ይሠዉ ነበር። በአጠገባቸው በበግ ራስ የሚመሰለው የክኑም ቤተ መቅደስ ነበረ፤ ካህናቱም በ410 ቅ.ል.ክ. ከአገረ ገዢው ጋር ተባብረው የአይሁዱን አፈረሱት። አይሁዳውያኑ በ407 ለይሁዳ ገዢ የጻፉት አቤቱታ የጠፋውን አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ አምስቱን የድንጋይ በሮች፣ የነሐስ ማጠፊያዎቻቸውንና የዝግባውን ጣራ። ከነሚስቶቻችንና ከነልጆቻችን ማቅ ለብሰናል፣ ቅባት አልተቀባንም፣ ወይን አልጠጣንም ይላሉ። ቀደም ብለው ለኢየሩሳሌም ሊቀ ካህናት ጽፈው መልስ እንዳላገኙም ያመለክታሉ። በመጨረሻ ከይሁዳው ገዢ ወገን ፈቃድ መጣ፦ ቤቱ ይሠራ፣ የእህል ቊርባንና ዕጣን ይቅረብበት። የሚቃጠል መሥዋዕት ግን አልተጠቀሰም። ከዚህ ዝምታ በስተጀርባ የኢየሩሳሌም እጅ ሳይኖር አይቀርም ባይ ነኝ። ይበልጥ የሚያስገርመኝ ደግሞ በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የአሦር ነገሥታት አማካሪ ነበር የሚባለው የአሒቃር የጥበብ ታሪክ ሲገኝ፣ የሙሴ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አለመገኘቱ ነው። ሰንበትን ያውቃሉ፤ በ419 ስለ ቂጣው በዓል መመሪያ ደርሷቸዋል። ስለዚህ መጽሐፍ ገና ማእከል ያልሆነበት የአይሁድ ኑሮ ነበረ ማለት ነው።

የጣና ዳር፦ እንግዲያውስ ቤተ እስራኤል ከእነዚህ የመጡ ናቸዋ!

መልስ ሰጪ፦ ወንዙ አንድ ስለሆነ ብቻ ሰዎቹ ወደ ላይ ወጡ አይባልም። በመካከል ያለውን ጉዞ የሚያሳይ ሰነድ የለም።

ደብተራ፦ ሰነድ ባይኖርም ነገሩ ግልጽ ነው። ቤተ እስራኤል የረቢዎቹን የሕግ መጽሐፍ ተልሙድን ሳያውቁ በኦሪት ብቻ ኖሩ፤ ስለዚህ የጥንቱ ንጹሕ ሃይማኖት የእነርሱ ነው።

የኔታንያዋ፦ ወንድሜ፣ ከልብ ተናግረሃል፤ ነገር ግን ቤተ እስራኤል ነኝና ልረምህ። አያቴ ሰንበትን ስትጠብቅ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ታጠፋለች፣ በወር አበባዋ ጊዜ ተለይታ የምትቀመጥባት የመርገም ጎጆዋም ከመንደሩ ዳር ነበረች። ቄሶቻችን ግን ጸሎቱን የሚያደርሱት በግእዝ ነበር፤ መነኮሳትም ነበሩን። መነኮሳትን ከየትኛው ኦሪት ታገኛቸዋለህ?

ደብተራ፦ እህቴ፣ ታዲያ በ1973 የእስራኤል የሰፋርድ ዋና ረቢ የዳን ነገድ ናቸው ብለው የወሰኑት በከንቱ ነውን?

የኔታንያዋ፦ ውሳኔው የገባንበት በር ነውና አልንቀውም። ታሪክን ግን በውሳኔ አትጻፍ።

መልስ ሰጪ፦ እህታችን የጨረሰችውን አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፦ ተልሙድን አለማወቅ ጥንታዊ ለመሆን ማስረጃ አይሆንም፤ ተለይቶ መኖርም ያንኑ ያመጣል። ሌላ ጥያቄ።

ተሳላሚ፦ ይቅርታ፣ ታቦቱን በተመለከተ መልስ አላገኘሁም።

መልስ ሰጪ፦ አላገኙም።

መንገደኛ፦ ስለ ትንሣኤ ሙታን ምን ያምናሉ?

መልስ ሰጪ፦ በየትኛው ዘመን? በሁለተኛው ቤተ መቅደስ መጨረሻ ከሆነ፣ ፈሪሳውያን ተቀበሉት፣ ሰዱቃውያን ካዱት። ከ70 ዓ.ም. በኋላ ሰዱቃውያን ስለከሰሙ የፈሪሳውያኑ ትምህርት ጸና።

ጀማሪ፦ መሠረታዊ እምነታቸውን በአጭሩ ቢነግሩኝ?

መልስ ሰጪ፦ በአጭሩ የሚለውን ቃል ባትወደው ኖሮ ብዙ ታተርፍ ነበር። ጠዋትና ማታ የሚደገመው «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ነው፤ አምላክ አንድ መሆኑን ይናገርና በሙሉ ልብ ውደደው ይላል። ከዚያ ኪዳኑና ትእዛዛቱ ይከተላሉ፤ ረቢዎቹ 613 ብለው ይቈጥሯቸዋል፣ 248ቱ «አድርግ»፣ 365ቱ «አታድርግ»። እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ያለ የእምነት አንቀጽ ስትፈልግ ግን እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን መውረድ አለብህ፤ የዚያን ጊዜ ሙሴ ቤን ማይሞን 13 አንቀጾችን አዘጋጀ። ክርክሩ ለብዙ ዘመናት «ምን ታምናለህ?» ሳይሆን «በሰንበት ምን መሸከም ይፈቀዳል?» የሚል ነበር። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረውን የረቢዎቹን የቃል ሕግ ስብስብ፣ ሚሽናን፣ ክፈተውና እየው፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የማታው ስማ የሚደገመው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» ይላል። አምላክ መኖሩን ለማስረዳት አይሞክርም።

ሰዋስው፦ በእጃችን ካለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፍ ቀዳሚው የትኛው ነው? በሙት ባሕር ዳር የተገኙት የቁምራን ጥቅሎች ናቸውን?

መልስ ሰጪ፦ አይደሉም፤ በዕድሜ የሚበልጣቸው አለ። በ1979 በኢየሩሳሌም ደቡብ ምዕራብ፣ ኬቴፍ ሂኖም በተባለ የመቃብር ዋሻ ውስጥ ሁለት የብር ጥቅልሎች ተገኙ። ዕድሜያቸው ከመጀመሪያው ቤተ መቅደስ መፍረስ አካባቢ ነው። ብሩ ስስ ነውና እንዳይሰባበር በብዙ ትዕግሥት ተፈታ። በላዩ በጥቃቅን ፊደል የተጫረው በኦሪት ዘኍልቍ 6 የምናውቀው የካህናት ምርቃት ነው፦ «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም።» መጽሐፍ ለመሆን አልተዘጋጀም፤ በክር ተይዞ ከሰውነት ጋር የሚታሰር ክታብ ነው፣ ሟቹም ከነክታቡ ተቀበረ።