ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከተቅማጥ በኋላ ዓይኔ ቢጫ ሆነ

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ወንድ ስሆን የምኖረው ፒያሳ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቁርጠት ያለው ተቅማጥ ይዞኝ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝቼ ወሰድኩና ተሻለኝ። አሁን ግን ዓይኔ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቴ ጠቁሯል፤ የምግብ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ጎረቤቶቼ «የወፍ በሽታ ነው፣ የባህል መድኃኒት ጠጣ» ይሉኛል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጌ ነፃ ነህ ተብያለሁ። ባለቤቴ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእጅዎ ያለው ውጤት የሚናገረው ስለ ቢ ቫይረስ ብቻ ሲሆን፣ ጉበትን የሚያጠቁት ዋና ዋና የሄፓታይተስ ቫይረሶች ግን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ የሚባሉ አምስት ናቸው። ቢ እና ሲ በዋናነት በደም፣ ቢ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋሉ። ኤ እና ኢ ግን ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን በሚመጡበት በዚያው መንገድ፣ በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባሉ።

ተቅማጥዎ «ወደ ጉበት ዞሮ» ሳይሆን አይቀርም ብለው ከሰጉ፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። የተለመዱት የተቅማጥ ተሕዋስያን ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ውስጥ ሲያሳምሙ፣ ሄፓታይተስ ኤ ምልክት ለማሳየት ከ15 እስከ 50 ቀናት ስለሚወስድበት፣ ሁለቱም ከአንድ የተበከለ ውኃ ተነሥተው በተለያየ ጊዜ ሊታዩ ይችላሉ። ሜትሮኒዳዞል አሜባንና ጃርዲያን ቢያጠፋም ቫይረስን አይነካም። ደም የሌለው ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ነው፤ ደም ካለበት ወይም ከቆየ ግን ሰገራ ሳይመረመር መድኃኒት መግዛት ተገቢ አይደለም።

አሁን የሚያስፈልግዎ የኤ እና የኢ አይጂኤም (በቅርቡ መያዝን የሚያሳይ ፀረ እንግዳ አካል)፣ የሲ ፀረ እንግዳ አካል፣ የጉበት ኢንዛይም፣ የቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) እና የደም መርጋት ምርመራ ነው። የቢ ምርመራ በሽታው እየለቀቀ ባለበት ጊዜ ኔጌቲቭ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ የኮር አይጂኤም የተባለውን ሌላ የቢ ምርመራ ሊጨምር ይችላል። ከቀኝ ጎድንዎ በታች የሚያምና ትኩሳት ያለበት ከሆነ፣ አሜባ በጉበት ውስጥ መግል ሊቋጥር ስለሚችል አልትራሳውንድ ይታዘዝልዎታል።

ውጤቱ ኤ ወይም ኢ ከሆነ፣ አብዛኛው ሰው በዕረፍትና በፈሳሽ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። የባህል መድኃኒቱን ግን፣ ጎረቤቶችዎ በቅንነት ቢመክሩዎትም፣ አይጠጡ፤ በምን ያህል መጠን ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር የታመመ ጉበትን ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። አልኮልን ይተዉ፤ ፓራሲታሞልንም ያለ ሐኪም አይውሰዱ። መፍዘዝ፣ ግራ መጋባት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ የማያቋርጥ ትውከት ከመጣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ጥቁር አንበሳም ሆነ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለእርስዎ ሩቅ አይደሉም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ባለቤትዎ ናቸው። ሄፓታይተስ ኢ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ከያዘ ከ100 እናቶች ከ20 እስከ 25 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ሳይጠብቁ ለእርግዝና ክትትል ሐኪማቸው ይንገሩ፤ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም የዓይን ቢጫነት ካዩባቸው ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። እስከዚያው የሚጠጡትን ውኃ ያፍሉ፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሚጠቀሙበት ሮቶ ከታቹ ደለል ከያዘ ያስጠርጉት፤ ምግብ እርስዎ አያዘጋጁ፤ ከመጸዳጃ ሲወጡ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ወደ ሐኪም ሲሄዱም የቢ ምርመራ ወረቀቱንና የወሰዱትን መድኃኒት መጠቅለያ ይዘው ይሂዱ።