ሁለት ዓመት ተኩል ሞላው፣ አያወራም

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከ6 ወሩ ነው፤ “እማ”ና “ውኃ” ብቻ ይላል። ጎረቤቶቼ “ወንድ ልጅ ይዘገያል” ይሉኛል። ልጠብቅ? (እናት፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ አይጠብቁ። በ2 ዓመት 50 ያህል ቃላትና “እማ ነይ” ዓይነት ጥምረት ይጠበቃል። መጀመሪያ ጆሮውን በመሣሪያ ያስመርምሩ። በር ሲንኳኳ መዞሩ አያስተማምንም፤ ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ እንደ “ስ”ና “ፍ” ያሉትን ቀጫጭኖች ላይሰማ ይችላል። ከንግግር ምርመራው በፊት ለ3 ቀን የሚለውን ሁሉ ይጻፉ፦ ዳቦን ሁልጊዜ “ባቦ” ካለ ቃል ነው፤ አያቱ በአገውኛ የሚያወሩት ከሆነም በአገውኛ የሚለው ቃል ይቆጠራል። የንግግር ባለሙያው ልጁ በጣቱ መጠቆሙን፣ “ጫማህን አምጣ” ሲባል ያለ ምልክት መረዳቱንም ያያል፤ ሕክምና እንደሚያስፈልገው የሚወሰነው ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው። እንጥል ማስቆረጥማ በፍጹም! ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ቃል አያመጣም።