የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የካቲት 12ን በእግር እየሄዱ ማስተማር

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ አምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ሳስተምር ተማሪዎቼ ዓመተ ምሕረቱን ለፈተና ያጠኑታል እንጂ፣ ነገሩ እነርሱ በየቀኑ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ የተፈጸመ መሆኑ አይሰማቸውም። ዓምና ወደ ስድስት ኪሎ ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ ሐውልቱ ሥር አርባ ደቂቃ ያህል ገለጻ ካደረግሁላቸው በኋላ አብዛኞቹ ፎቶግራፍ ተነስተው ተመለሱ። ዘንድሮ በተሻለ መንገድ ልሠራው እፈልጋለሁ። በየት በኩል ልውሰዳቸው? ስለ የካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ያህል ይነገራል? የሟቾቹ ቁጥር በየቦታው ሲለያይስ የትኛውን ልያዝ?
መምህር ተ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ መምህር፣ ዓምና የገጠመዎት ነገር እኔም ተማሪዎችን ይዤ በወጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ ነው። ክፍል ውስጥ የምንናገረውን ንግግር ወደ አደባባይ አውጥተን ስንደግመው ልጆቹ የሚያገኙት ተጨማሪ ነገር ፀሐይና የመኪና ጩኸት ብቻ ይሆናል። በእግር ጉዞ ማስተማር የሚጠቅመው ቦታው ራሱ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅና ልጆቹ ዙሪያቸውን እያዩ መልሱን ሲፈልጉ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ማረፊያ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይናገሩ፣ ከአምስት በላይ ማረፊያም አይያዙ።

መነሻዎን ከስድስት ኪሎ ሳይሆን ከአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንዲያደርጉ እመክራለሁ። አቡኑ በጥይት ተደብድበው የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ልጆቹን «አንድ ወራሪ ጦር ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዞ እያለ አንድን ጳጳስ በአደባባይ ለመግደል ምን አስፈለገው?» ብለው ይጠይቋቸውና ዝም ይበሉ። የሚሰጧቸው መልሶች የቀኑን ትምህርት ሁሉ ይሸከማሉ።

ከዚያ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ጥቂት እርምጃ ነው። እዚህ ሁለት ነገር በአንድነት ይገኛል። ወራሪዎቹ ከሥፍራው አንስተው የቀበሩት፣ ከነፃነት በኋላም ወጥቶ ወደ ቦታው የተመለሰው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አንዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በተደረገው የበቀል ጭፍጨፋ ወቅት እሳት የተለቀቀበት ካቴድራል ራሱ ነው። ነገር ግን እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው በዚህ ማረፊያ ላይ ስለ ገበያው መናገር ነው። የከተማዋ ትልቅ ገበያ በዚሁ በአራዳ ነበር፤ ጣሊያኖች ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለመለየት ባወጡት ዕቅድ መሠረት የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው «መርካቶ» አሉት። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕጻር ነው፤ ፒያሳና ፖፖላሬም ከዚያው ዘመን የቀሩ ቃላት ናቸው። ተማሪው በየቀኑ ለታክሲ ረዳት የሚናገረው የሰፈር ስም የወረራ ሰነድ መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሲያመጣ አላየሁም። ይህ ማረፊያ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ አስቸኳይ ሆኗል፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ በርካታ አሮጌ ቤቶች ስለ ፈረሱ፣ ለልጆቹ በጣት ልናሳያቸው የምንችለው ነገር እየተመናመነ ነው፣ ይህም እኔን በእጅጉ ያሳስበኛል። በዚያው ዓመት በየካቲት የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ለብቻው ሌላ ቀን ይስጡት እንጂ ከዚህ ጉዞ ጋር አይደርቡት።

ቀጥሎ በራስ መኮንን ድልድይና በአፍንጮ በር አድርገው ወደ ስድስት ኪሎ ይውጡ። ትምህርት ቤትዎ ለዩኒቨርሲቲው ቀደም ብሎ የፈቃድ ደብዳቤ ከጻፈ፣ ሐውልቱን ከማየታችሁ በፊት ወደ ግቢው ግቡ። የዛሬው ዋና ግቢ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የጣሊያን እንደራሴ ሆኖ አገሩን ይገዛ የነበረው ግራዚያኒ ይኖር የነበረውም እዚያ ነው። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መውለዱን ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ በዚህ ግቢ በተሰበሰበበት ጊዜ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ከኤርትራ የመጡ ወጣቶች የእጅ ቦምብ ወርውረው ግራዚያኒን አቆሰሉት። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ በቀጣዮቹ ሦስት ቀናትም ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፋሺስት ሚሊሺያዎች በየሰፈሩ እየዞሩ ያገኙትን ሰው ገደሉ፣ ሣር ክዳን ጎጆዎችን ሰዎች በውስጣቸው እያሉ በእሳት አጋዩ። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሞ ታያላችሁ። ልጆቹ እየወጡ ይቁጠሩት፤ እያንዳንዱ እርከን በጣሊያን ለነበረው የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ መሆኑን የሚነግሯቸው ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ይሁን። ከዚያ ጫፉ ላይ የተቀመጠውን የይሁዳ አንበሳ ማን፣ ለምን እንዳስቀመጠው ይጠይቋቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ አደባባዩ ስትወጡ ሐውልቱ በራሱ ይናገራል። በዙሪያው ያሉትን ቅርጾች የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ አገራቸውም የፋሺስት ወረራን የቀመሰች ነበረች። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ ቅርጽ ይምረጡ፣ የሚያዩትንም ለሌሎቹ ያስረዱ። ፎቶግራፍ ማንሳትን አይከልክሉ፤ ያነሱትን ምስል በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲገልጹት ያድርጉ እንጂ።

ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ያህል ይነገራል ላሉት፣ የሆነው ሁሉ መሆኑን መንገር ይገባል እላለሁ፣ ነገር ግን የአካል መቆራረጥን ዝርዝር መደርደር ልጁን ወይ ያስደነግጠዋል ወይ ያደነዝዘዋል። እኔ የማደርገው የሰዎችን ውሳኔ መተረክ ነው። አብርሃንና ሞገስን በመኪናው ከከተማ በማውጣት የተባበራቸውና በዚሁ ምክንያት ተይዞ የሞተው ስምዖን አደፍርስ ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ነው፤ ቦምብ አልወረወረም፣ መኪና ነዳ፤ ወጣቶች በእርሱ ታሪክ ላይ የሚያነሱት ክርክር ሁልጊዜ ጥልቅ ነው። የአንዳንድ ተማሪዎች ቅድመ አያቶች በባንዳነት የሚታሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ ግን፣ ማንንም ልጅ ስለ ቤተሰቡ በሰው ፊት አይጠይቁ።

ስለ ቁጥሩ፣ አንዱን መርጠው ሌላውን አይደብቁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው 30 ሺህ ነው፤ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ገደማ ይገምታሉ፤ በጣሊያን በኩል የተነገረው ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። ቁጥሩን ሁልጊዜ ከተናገረው ወገን ጋር አያይዘው ይንገሯቸውና፣ የሞተው ሰው ሳይመዘገብ በተቃጠለና በጅምላ በተቀበረ ጊዜ ቆጠራ ለምን እንደሚያስቸግር ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት። ይህ የታሪክ ሙያ ዋናው ትምህርት ነው፤ የሰማዕታቱንም ክብር በምንም አይቀንስም።

ማብቂያችሁ አራት ኪሎ ይሁን። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ከገባበት ቀን ጋር አንድ ነው። በድል ሐውልቱ ሥር ሲደርሱ ይህን አይንገሯቸው፤ ጠዋት በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር ያስጻፏቸውን፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበትን ቀን ከደብተራቸው እንዲያነብቡ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ነው። በክረምት ስምንትና አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ እመጣለሁ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም። እንዲህ ያለውን ታሪክ ላሳያቸው ብል ይከብዳቸው ይሆን?
ወ/ሮ ሠ.

መልስ፦ እመቤቴ፣ ለትልቁ አይከብደውም፤ ለትንሹ የስድስት ኪሎውን ቅርጾች በቅርብ ከማሳየት ይቆጠቡ። ከምኒልክ ሐውልት ይጀምሩ፤ ተቀብሮ እንደገና የወጣ ሐውልት ታሪክ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ በሚገባ የሚረዳው ነገር ነው። ከዚያ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይውሰዷቸው፤ ለኢትዮጵያ ነፃነት በብዕሯ የታገለችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ከአርበኞች ጋር ያረፈችው እዚያ ነው፤ በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ይህ መቃብር ብዙ ይናገራል። ማንበብ አለመቻላቸው አያሳስብዎት፤ ፊደል እንዲለዩ በየሐውልቱ ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት እያነበቡ ያሰሟቸው። ክረምቱ ዝናባማ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ይውጡ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በቤተሰብዎ ውስጥ ያን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ አያት ካሉ፣ ከጉዞው በፊት ቡና አፍልተው ልጆቹን በእርሳቸው አጠገብ ያስቀምጡና ድምፃቸውን ይቅረጹ። በ1929 ዓ.ም. አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚቀጥለውን ክረምት አይጠብቁ።