የመምህራን ጥያቄና መልስ፦ እምነት ከጠመኔው ጋር እንዴት ይያዛል?

በዚህ ዕትም ከጎጃም መምህራን የደረሱንን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች በቤተ ክርስቲያን ሥር ባሉ ትምህርት ቤቶች መደበኛውን ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩ ናቸው። ሁለቱ ግን ከመንግሥት ትምህርት ቤት የጻፉ ናቸው፤ የእነሱ ሁኔታ ስለሚለይ መልሱንም ለይተን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ በየዕለቱ የትምህርት ዕቅዳችን ላይ «ከእምነት ጋር ያለው ግንኙነት» የሚል ሳጥን እንድንሞላ ታዘናል። እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው። የሆነ ጥቅስ ፈልጌ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቹም የግድ የተለጠፈ መሆኑን ያውቁብኛል። ምን ላድርግ? (የ8ኛ ክፍል መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ልጆቹ በትክክል ነው ያወቁብዎ። ለእያንዳንዱ የአልጀብራ ትምህርት ጥቅስ ሲፈለግለት ጥቅሱም አልጀብራውም ይቀልላል። ግንኙነት በሌለበት ቀን ሳጥኑን ባዶ ይተዉት፤ ርእሰ መምህሩ ከጠየቁዎ ምክንያቱን በግልጽ ይንገሯቸው። በዓመት ውስጥ እውነተኛ ግንኙነት ያላቸው ሦስት አራት ርእሶች ካገኙ በቂ ነው፤ እነሱን ግን ጊዜ ሰጥተው ይሥሯቸው።

ለሒሳብ መምህር ከሁሉ የሚሻለው ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የምታወጣበት ስሌት ነው። የጎጃም ልጅ አጽዋማትና በዓላት ሲታወጁ እየሰማ ያድጋል፤ ስሌቱ በማካፈልና በቀሪ የሚሠራ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይመድቡለት። በመጀመሪያው ቀሪን ብቻ ያስተምሩ። አምስት አምስት ልጆች ላሉበት ቡድን 50 የባቄላ ፍሬ ይስጡ። በ19 በ19 ሲከምሩት ሁለት ክምር ሆኖ 12 ይተርፋል፤ በ7 በ7 ሲከምሩት ሰባት ክምር ሆኖ 1 ይተርፋል። የሚፈለገው ክምሩ ሳይሆን ትራፊው መሆኑን እስኪለምዱት ደጋግመው ይጠይቋቸው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ 2018 ዓ.ም.ን ሰሌዳው ላይ ያውጡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 እና 2018 ሲደመሩ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ 13ቱ መደብ ይባላል። አንዱ ገና ያላለቀው፣ የተያዘው ዓመት ስለሆነ ይቀነስና 12 ወንበር ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ስለሚውል የ2018ቱ መስከረም 18 ነው ማለት ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ስለነበር 18 እሑድ ይውላል። ለየዕለቱ ተውሳክ የሚባል የሚደመር ቁጥር አለው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ድምሩ ከ30 ቢያልፍ ኖሮ 30 ተነሥቶለት ወደ የካቲት ይሻገር ነበር። ከነነዌ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ይወድቃል። በመጨረሻ የግድግዳ ካላንደር አውጥተው ልጆቹ ራሳቸው ያመሳክሩ።

ስህተት የሚበዛባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ካልኩሌተር ነው። 7518ን ለ19 ሲያካፍል 395.684 ብሎ ቀሪውን ይደብቀዋል። መፍትሔው ከነጥቡ በኋላ ያለውን ብቻ ወስዶ በ19 ማባዛት ነው፤ 13 ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ከመደቡ አንዱን መቀነስ መርሳት ነው፤ ይህኛው የሚከፋው ስለማይታይ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መምጣታቸው ጥሩ ማረጋገጫ ሆኖ ሳለ ይህን ስህተት ግን አይዝም። ወንበሩን 13 ብለን ብንሳሳት አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ይሆኑና አሁንም ድምራቸው 30 ነው። «ለምን?» ብለው ለጎበዞቹ ይስጧቸው። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ የትኛውም ወንበር ያንኑ እንደሚሰጥ በአልጀብራ ማሳየት ይችላሉ። 11ስ ከየት መጣ ለሚል ልጅ፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ 354 ቀን መሆኑን ይንገሩት፤ ቀንሶ ያገኘዋል። ክፍልዎ ውስጥ የሌላ እምነት ልጆች ካሉ የሚፈተኑት በቀሪ ስሌቱ ላይ እንጂ በበዓሉ ትርጉም ላይ አይሁን።

ጥያቄ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ዝግመተ ለውጥ ላይ ስደርስ ወይ ምዕራፉን በሩጫ አልፈዋለሁ፣ ወይ «ለፈተና ያህል ያዙት» እላለሁ። ሕሊናዬ አላረፈም። (ከቢቸና)

መልስ፦ ሁለቱም መንገድ ልጁን ይጎዱታል። በሩጫ የታለፈው ምዕራፍ ፈተና ላይ ይጠብቀዋል። «ለፈተና ያህል» የሚለው ደግሞ የማያምኑበትን ጽፎ ማለፍ እንደሚቻል ማስተማር ነው፤ ይህ ከክርስቲያን መምህር አንደበት ሊወጣ የሚገባ አይደለም።

ምዕራፉን እንደ ማንኛውም ምዕራፍ በሙሉና በትክክል ያስተምሩ። ሁለት የተለመዱ ስህተቶችን ግን ይጠብቁ። «ንድፈ ሐሳብ ማለት ግምት ነው» አይበሉ፤ በሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ማለት ብዙ ማስረጃዎችን አንድ ላይ የሚያስረዳ ማብራሪያ ነው፤ በሽታ በረቂቅ ተሕዋስያን ይተላለፋል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ይባላል። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላል» ማለትም ስህተት ነው፤ ሳይንሱ የሚናገረው ስለ ጋራ የዘር ግንድ ነው። የሰውን ሐሳብ አጣሞ ማቅረብ፣ ባንቀበለው እንኳ፣ በሐሰት መመስከር ይሆናል። ልጆቹ ስለ ድንቅነሽ መጠየቃቸው አይቀርም። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር፣ አፋር ውስጥ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚገመትና ግምቱ ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ልኬታ እንደመጣ ይንገሯቸው።

«ታዲያ እግዚአብሔርስ?» ለሚለው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት መልስዎ አጭር ይሁን፦ ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ከወላጆችህና ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገርበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህንን ማክበር እምነትን መደበቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ ትምህርት ቤት ደግሞ አክሲማሮስን የተማረ መምህር በሌላ ሰዓት ተጋብዞ የስድስቱን ዕለታት ትርጓሜ ያስረዳ። ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲደባለቁ ግን ሁለቱም ሳይገቡ ይቀራሉ።

እግረ መንገዳችንን፣ እምነትና ሥነ ሕይወት በደንብ የሚገናኙት ብዝኀ ሕይወት ላይ ነው። የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ደን ወይራውን፣ ጽዱን፣ ኮሶውንና ዝግባውን ጠብቆ ያቆየ ቤተ ሙከራ ነው። አስተዳዳሪውን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ስድስት ስድስት ልጆች ላሉበት ቡድን 40 ሜትር ገመድና አራት ችካል ይበቃል፤ 10 በ10 ሜትር ካሬ ይከልሉና ትልልቆቹን ዛፎች ከአንድ ሜትር በታች ካሉ ችግኞች ለይተው ይቁጠሩ። በ100 ሲያባዙት የሄክታሩን ግምት ያገኛሉ። አንዱ ካሬ ከደኑ ዳር፣ ሌላው ከመካከል ይሁን። ሁሉም ዳር ላይ ከቆጠሩ ከብት የሚረግጠውንና የሚግጠውን ክፍል ብቻ አይተው ይመለሳሉ። የድንጋይ አጥር ያለበትና የሌለበት ሁለት ደን ካለ ችግኙን ያወዳድሩ። አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መታዘዙን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ከዚህ ቆጠራ በኋላ ቢያነሣው ልጆቹ ምን ማለት እንደሆነ ያያሉ።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ሦስት የአብነት ተማሪዎች አሉ፤ በዕድሜ ከሌሎቹ ይበልጣሉ። የሰጠኋቸውን በቃላቸው ይይዛሉ፤ ጥያቄ ግን አይጠይቁም። እንዴት ልርዳቸው? (የ5ኛ ክፍል አማርኛ መምህር፣ ከደብረ ኤልያስ)

መልስ፦ መጀመሪያ የመጡበትን ቤት ይወቁ። ከንባብ ቤት የመጣና ከቅኔ ቤት የመጣ አንድ አይደሉም። የንባብ ቤቱ ልጅ ዳዊት እስኪደግም በየኔታ ፊት ቃል በቃል ሲታረም ኖሯል፤ ስህተትን ይፈራል። የቅኔ ቤቱ ልጅ ደግሞ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ አዲስ መቁጠር ልማዱ ነው። «በቃል መያዝ እንጂ ማሰብ አልለመዱም» የሚለው ፍርድ ለእሱ አይሠራም።

ለንባብ ቤቱ ልጅ «ጥያቄ አለህ?» አይበሉት፤ የለኝም ይላል። «ይህን አንቀጽ ለታናሽ እኅትህ እንዴት ትነግራታለህ?» ይበሉት። ሲጀምር አያቋርጡት፤ እርማቱን ለብቻው ሲሆን ይስጡት። ለቅኔ ቤቱ ልጅ ስለ ዘይቤ በሚያስተምሩበት ቀን ሰሌዳውን ይልቀቁለት። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ በ10 ደቂቃ ሰሙንና ወርቁን ለክፍሉ ማሳየት ይችላል። ከዚያ ሌሎቹ በአማርኛ ሁለት ስንኝ ይሞክሩ። አስቀድመው ግን የሚያቀርበውን ከእርስዎ ጋር ይየው፤ ካልሆነ ግዕዙ በዝቶ ክፍሉ ይጠፋበታል። በእነዚህ ልጆች ልብስ ወይም ዕድሜ የሚሳለቅ ተማሪ ካለ በዚያው ሰዓት ያስቁሙ፤ ነገ ብለው አያሳድሩት።

ከአብነት ትምህርት ቤት ሌላም የሚወሰድ አለ። እዚያ የበሰለው ጀማሪውን ያስጠናል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ጎበዝ ለአራት ልጅ ቢመደብ መምህሩ 12 ቡድን ይዞ ይዞራል። ጎበዙን በየሁለት ሳምንቱ ይቀይሩት፤ አለዚያ ትንሽ አለቃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ጠዋት በክፍል ውስጥ ጸሎት አለ። ሙስሊም ተማሪዎችም አሉን። ምን ማድረግ ይገባል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ሲመዘገቡ ለወላጆች በግልጽ ይነገር፤ ልጁ ክፍል ገብቶ አይደንግጥ። በጸሎት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ወይም ውጭ መጠበቅ ምርጫው ይሁን፤ ውጭ የቆየውም «ዘግይቷል» ተብሎ አይመዝገብ። ጸሎት በምንም መንገድ ማርክ አይያዝበት። የእምነት ነጻነት በአንቀጽ 27 የተጻፈ መብት ነው፤ ከዚያም በፊት ጌታ ማንንም አስገድዶ እንዳልጠራ እናውቃለን። የልጁን ስም በትክክል ይጥሩ፤ የረመዳን ጾሙንም እንደ ሁዳዴ ጾመኛ ይረዱለት።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ ልጆቹ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ይዝላሉ። (ከቡሬ)

መልስ፦ ሒሳብና ሳይንስን ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ያምጡ፤ የመጨረሻውን ለጋራ ንባብና ለቡድን ሥራ ይተዉ። በስፖርት ሰዓት ለሚጾሙት ሩጫውን በልምምድ ይተኩ። ራሱን የሚያዞረውን ልጅ በጾሙ አያሞግሱት፤ ወላጁን ያነጋግሩና ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ወላጅ «ይምቱልኝ፣ አጥንቱን ብቻ ይመልሱልኝ» አሉኝ። እኔም አንዳንዴ አርጩሜ አነሣለሁ። ደግሞም ማርክ ስሰጥ ረባሹን የምበድለው ይመስለኛል። (በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ ከሞጣ)

መልስ፦ አርጩሜውን ያስቀምጡት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቀ ነው፤ ወላጅ ቢፈቅድም ይህ አይለወጥም። ደግሞም የተመታ ልጅ የሚማረው እንዳይያዝ መጠንቀቅን ነው። ሲረብሽ ስሙን አንድ ጊዜ ይጥሩ፤ ካልተወ ወንበሩን ያስቀይሩት፤ ከክፍል በኋላ ለሦስት ደቂቃ ብቻውን ያነጋግሩት። በክፍል ፊት የሚደረግ ክርክር ልጁን ጀግና ያደርገዋል።

ስለ ማርክ ያነሡት ስጋት ግን እውነተኛ ነው፤ መጠርጠርዎም መልካም ነው። አድልዎ በሐሳብ ሳይሆን በእጅ ይገባል። ስለዚህ አሠራሩን ይለውጡ። ልጆቹ ስማቸውን በጀርባ ይጻፉ። የሁሉንም ልጅ ጥያቄ 1 አርመው ከጨረሱ በኋላ ወደ ጥያቄ 2 ይለፉ፤ አንድን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሲያርሙ የመጀመሪያው መልስ የኋለኛውን ይጎትተዋል። ለገለጻ ጥያቄ ማርኩ እንዴት እንደሚከፋፈል ከፈተናው በፊት ይጻፉ፤ ከ5 ከሆነ ለምን 2፣ ለምን 3 እንደሚሰጥ። ደክሞዎት ከመሸ 20 ወረቀት ላይ ያቁሙ። በሦስት ቀን ውስጥ ይመልሱላቸውና ድምር የተሳሳተበት ልጅ እጁን ሲያወጣ በክፍሉ ፊት «ልክ ነህ፣ እኔ ተሳስቻለሁ» ብለው ያስተካክሉ። ይህን የሚያይ ልጅ ስለ ኑዛዜ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይማራል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። 72 ልጆች አሉኝ። ለጥሪ ነው የገባሁበት፤ አሁን ግን የማንንም ፊት ለይቼ አላይም። ልተወው እያልኩ ነው። (የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ ከሰከላ)

መልስ፦ እኅታችን፣ የደከሙት እምነትዎ ስለቀነሰ አይደለም፤ 72 ፊት በአንድ ቀን ማየት ማንም አይችልም። ሦስት ይዩ። ትንሽ ደብተር ይግዙና ስማቸውን በመዝገብ ቅደም ተከተል ይጻፉ። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ የዕለቱን ሦስት ስሞች አንብበው ይጸልዩላቸው። በክፍል ውስጥ እነዚያን ሦስት ልጆች አንድ አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፤ ደብተራቸውን በዓይንዎ ይዩ፤ ስለ ትምህርት ያልሆነ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ ማን ጋር ይኖራል? ስንት ሰዓት ይጓዛል? ማታ አንድ መስመር ይጻፉ። በ24 የትምህርት ቀን ሁሉንም ያዳርሳሉ፤ አምስት ሳምንት አይሞላም።

በሁለት ነገር እንዳይሰናከሉ። ጎበዞቹንና ረባሾቹን አስቀድመው መምረጥ ያምርዎታል፤ ቅደም ተከተሉን አይልቀቁ፤ ደብተሩ የሚያስፈልገው ለዝምተኞቹ ነውና። ቀርቶ የነበረ ልጅ ተራው ካለፈው በተመለሰበት ቀን ያስገቡት። መጀመሪያው ዙር ላይ መስመሮቹ ባዶና ተመሳሳይ ይሆናሉ፤ «ደህና ነው» የሚል ይበዛል። በሁለተኛው ዙር ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ ማን ሰሌዳው እንደማይታየው መጻፍ ይጀምራሉ። ሰሌዳው የማይታየውን በማግስቱ ወደ ፊተኛው ረድፍ ያምጡት።